ሰላሳ ወይስ ስልሳ

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ታብሌቶቹ መጡ። አርባ ሁለት ናቸው። ባለቁልፍ ቁምሳጥን ተሠርቶላቸው በእኔ ክፍል፣ ሰባተኛ «ሀ»፣ ጥግ ላይ ቆመዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ጠመኔ የማስቀምጥበት መሳቢያ አጥቼ በቦርሳዬ ይዤ ስዞር ኖሬያለሁ። እነሱ ገና እግራቸው ሳይረግጥ ቁምሳጥን!

ያመጣቸው የኮምፒውተር መምህሩ ነው። ልጆቹ «ሽቦ» ይሉታል፤ ሰውነቱም ሽቦ ነው፣ ከአንገቱም ሽቦ አይጠፋም። ችኩል እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም። ትልቅ ስክሪን ግድግዳው ላይ ሰቀለና፣ «እትዬ፣ ይኼ ክፍል ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ ይቀዳል። እየሰማም እዚህ ላይ ይጽፈዋል። ታሞ የቀረ ልጅ በኋላ ያነበዋል። እስቲ አንድ ነገር ይበሉ» አለኝ።

«ሦስት ጎን ያለው ቅርፅ» አልኩ።

ስክሪኑ «ሦስት ጎመን ያለው ቅርፅ» ብሎ ጻፈ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ሽቦ ብቻ ፊቱ ቀላ፤ «ይለምዳል፣ ድምፅዎን ገና አላወቀውም» አለ።

ልጆቹ መልስ ሲሰጡም በታብሌቱ ይጻፉ ይላል። እኔ ግን ልጅ አፉን ከፍቶ ይመልስ ባይ ነኝ። አፍ የተሰጠው ለምን ሆነና!

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ፤ በአጭሩ። ልጆቹ መናገር ትተዋል። አገጫቸው ውስጥ ነው የሚያወሩት። ዛሬ «ጮክ በል» ያላልኩት የለም። ምክንያቱ ታብሌቱ ነው፤ አንገት ተደፍቶ ሲዋል ድምፅም አብሮ ይደፋል። ለርዕሰ መምህሯ መንገር አለብኝ።

ስክሪኑ ደግሞ ውስጥ ውስጡን እንደ ትንኝ ይጮኻል። ሽቦን ብጠይቀው «ምንም ድምፅ የለውም እኮ፣ እትዬ» አለ። ይኼው ቤት ገብቼም ጩኸቱ አልተወኝም።

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ

ከባለቤቴ ጋር በቴሌቪዥኑ ተጣላን። ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የመኪናውን ጩኸት ሲሰማ ስለሚውል ቤት ሲገባ ፀጥታ ይወዳል። «ዜናውን የምንሰማው እኛ ነን ጎረቤት?» አለኝ። ቀነስኩለት። ከዚያ ወዲያ ስዕሉን ብቻ ነው ያየሁት፤ ጋዜጠኞቹም እንደ ልጆቹ ማጉረምረም ጀምረዋል።

ደግሞ አንድ አዲስ አመል አምጥቷል። መንገድ ስንሄድ በቀኜ ከሆነ ይዞርና በግራዬ ይሆናል። ዛሬ ሁለት ጊዜ እግሬን ረግጦኛል።

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ከጩኸቱ ለመገላገል ስክሪኑን ጨርቅ አልብሼ፣ ሰሌዳው ላይ ጎነ ሦስት ሳልኩ። አንዱ ማዕዘን ዘጠና ዲግሪ፣ ሁለተኛው ሰላሳ። «ሦስተኛውስ?» አልኩ። ከኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ እጇን አወጣች። ድምፀ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ናት፤ ዘንድሮ እጇን ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ ብሎኝ አስነሣኋት።

«ሰላሳ» አለች።

«ሰላሳማ ተሰጥቶሻል፤ አይታይሽም? ሦስተኛውን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ሰላሳ» አለች ደግማ።

ልጆቹ ያጉረመርሙ ጀመር። ፊት ወንበር ያለው አንዱ ዞሮ የሆነ ነገር አለኝ፤ ሊያቀብላት መስሎኝ ዝም አሰኘሁት። «ሦስቱ ተደምረው መቶ ሰማንያ ይሞላሉ ስል የት ነበርሽ? ለመጨረሻ ጊዜ!»

ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ «ሰላሳ» አለች።

«እንግዲያው ደወል እስኪደወል ቆመሽ አስቢበት» አልኩና 60 ብዬ ራሴ ጻፍኩት። ክፍሉ በአንድ አፍ ጮኸ። ለምን እንደጮኹ አልገባኝም። ልጅቷ ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆመች።

እልኸኛ ልጅ አለ፤ አውቃለሁ። እሷ ግን እልኸኛ አይደለችም። ደብተሯን አርሜዋለሁ፤ እንዲህ ያለውን ስሌት ተኝታ ትሠራዋለች። ታዲያ ሦስት ጊዜ ሰላሳ? አልገባኝም። ይኼ ነው ያልገባኝ።

ጥቅምት 15፣ ሐሙስ

መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ሁለት ሰዎች ወሬ አቋረጡ። የያዝኩት «...ማን ደፍሮ ይንገራት...» የምትለዋን ብቻ ነው። ስለ ሌላ ሰው ይሆናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ።

ርዕሰ መምህሯም በዕረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ አስቁማኝ ስትነግረኝ ቆየች። ልጆቹ እየተንጋጉ ሲወጡ ነው፤ በዚያ ትርምስ ውስጥ ማን ይሰማል? ፈገግ ስትል አይቼ «እሺ፣ ደስ ይለኛል» አልኳት። ስለ ቁምሳጥኑ ቁልፍ ይመስለኛል።

ጥቅምት 16፣ ዓርብ

ስለ ቁልፍ አልነበረም።

ሽቦ እየሮጠ መጥቶ «እንኳን ደስ አለዎት!» አለኝ። ኅዳር 11 ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ፤ በታብሌት ማስተማር ምን እንደሚመስል የማሳያቸው እኔ ነኝ። በገዛ አፌ «ደስ ይለኛል» ብዬ! አሁን አልሰማሁም ነበር ብል ምን ይሉኛል? «አመሰግናለሁ» አልኩት።

ጥቅምት 22፣ ሐሙስ

ግቢው ውስጥ ልጆች «ሰላሳ! ሰላሳ!» እያሉ ሲጮኹ ሰማሁ። ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ዞር ስል ያቺ ልጅ ቦርሳዋን አቅፋ በግድግዳው ጥግ ጥግ ትሄዳለች። ስሟ ሆኗል።

ተቆጥቼ በተንኳቸው። ስሙን ያወጡት እነሱ ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን አላወጣችም። የቋንቋ መምህሯም «በእኔም ክፍለ ጊዜ አፏን አትከፍትም፤ ምን ነክቷት ይሆን?» ብላኝ ነበር። እንጃ አልኳት።

እንጃ ማለት ውሸት ነው?

ኅዳር 3፣ ሰኞ

እናቷ መጣች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሥራዋን ትታ እንደወጣች ታስታውቃለች፣ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። እፊቴ ቁጭ ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የተናገረችው፤ አንድም ቃል አልጠፋብኝም።

«መምህርት፣ ልጄን ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር።»

«ምን ሆና?»

«ምላሷን ላሳይ። ከመስታወት ፊት ቆማ 'ስልሳ፣ ስልሳ፣ ስልሳ' ስትል አገኘኋት። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ 'እማ፣ የምናገረው ለመምህሬ አይገባትም፤ ምላሴ የተያያዘ መሰለኝ' አለችኝ። ሐኪሙ አየ፣ አናገራት፤ ምንም የለባትም አለኝ። እሷ ምንም ከሌለባት፣ መምህርት፣ ችግሩ የማን ነው?»

ልጇ ወደ «ለ» ክፍል እንድትዛወርላት ማመልከቻ ይዛ መጥታለች። ፈረምኩ።

መስታወት ፊት «ስልሳ» ማለት ምን ማለት ነው? እኔን ሰላሳ ነው ያለችኝ። ሦስት ጊዜ። ጆሮዬ ነው የሰማው።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ሽቦን የዚያን ቀን ትምህርት ቅጂ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ዓይኑን ሰበረ፤ ቀደም ብሎ እንዳነበበው ያን ጊዜ ገባኝ። ከፈተልኝ።

ተማሪ፦ ስልሳ
መምህር፦ ሰላሳማ ተሰጥቶሻል አይታይሽም
ተማሪ፦ ስልሳ
ሌላ ተማሪ፦ ቲቸር ስልሳ ነው እኮ ያለችው
መምህር፦ ዝም በል
ተማሪ፦ ስልሳ

«ጎንን ጎመን ብሎ የሚጽፍ ማሽን ነው» አልኩት።

«ልክ ነው፣ እትዬ» አለ። «ይሳሳታል።»

ይሳሳታል አለ እንጂ ተሳስቷል አላለም። ድምፁን ራሱን ልስማ ብዬ ታብሌቱን ተውሼ ባለቤቴ ሱቅ ወሰድኩት። ስፌቱን አስቁሜ አስከፈትኩት። «ስንት ነው ያለችው?»

«ስልሳ።»

«አጥርተህ ስማ እንጂ!»

«አንቺ ሴት፣ ስልሳ ነው የምትለው። ድሃዋን ልጅ ምን አርገሻት ነው ድምፅዋ እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?»

እኔ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁ። ሰላሳ። ደግሜ ሰማሁ። ሰላሳ። ጭራሽ ግራ ገባኝ። እሱ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሻጥ አደረገና፣ «በግራሽ መሄድ ከጀመርኩ እኮ ሁለት ዓመቴ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ነበር። በቀኝሽ ሆኜ።»

ሊያስቀኝ ነው። ሳቅሁም። ከዚያ እዚያው በተቆራረጠ ጨርቅ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱም ግራ ገብቶት፣ ዓይኔን እንድጠርግበት የደንበኛ ሱሪ አቀበለኝ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

የጆሮ ምርመራ። ሳጥን የምታህል ክፍል ውስጥ አስገብተው ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፉልኝ። «ድምፅ ሲሰሙ ይህችን ቁልፍ ይጫኑ» አለች ባለሙያዋ። ምንም አልሰማም። ዝም ብዬ መቀመጡ ደግሞ አሳፈረኝ። በመስታወቱ በኩል እጇን እያየሁ፣ ስትነካ እጫናለሁ። አወቀችብኝ፤ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ሃያ ስድስት ዓመት ኩረጃ ስይዝ ኖሬ!

ቀኙ ከሞላ ጎደል የለም። ግራው ግማሽ ነው። ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው አለችኝ፤ የ«ስ»፣ የ«ፍ»፣ የልጆች ድምፅ። የትንኙም ጩኸት የስክሪኑ ሳይሆን የራሴ ጆሮ ነው። የጆሮ መሣሪያ ታዞልኛል፤ እስኪደርስ ከወር በላይ ይፈጃል።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ቤቱ ፀጥ ብሏል። ወይም ለእኔ ነው።

ዓርብ ዕለት፣ ለማክሰኞ ልለማመድ ብዬ፣ ልጆቹን መልሳችሁን በታብሌት ጻፉልኝ አልኳቸው። ይኼን ያህል ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ሰላሳ ዘጠኝ መልስ በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። ማን ምን እንዳለ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ማን የት ላይ እንደተሳሳተም እንዲሁ። ከመስከረም ጀምሮ ድምፃቸውን ያልሰማኋቸው አሥራ አንድ ልጆች ትክክል ጽፈዋል። ያልሰማኋቸው እነሱ ስላልተናገሩ ይሁን እኔ ስላልሰማሁ አላውቅም። ይኼን አሁን ከማን አጣራለሁ? ሁለት ዓመት ነው ያለው ባለቤቴ። በሁለት ዓመት ስንት ልጅ አስነሥቻለሁ? ስንቱን «ተሳስተሃል፣ ቁጭ በል» ብያለሁ? ስንቱስ ተሳስቶ ሳለ ደክሞኝ «ጎበዝ» ብዬዋለሁ?

ከዚያ ደግሞ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ልጆቹ ከጻፉልኝ፣ ስክሪኑ ከጻፈልኝ፣ ማንም አያውቅብኝም። እስከ ጡረታዬ ስድስት ዓመት ቀርቶኛል። «እትዬ እንዴት ዘመናዊ ሆኑ!» እየተባልኩ ልጨርሰው እችላለሁ። አንድ ወር ሙሉ ስረግመው የከረምኩት ዕቃ መደበቂያ ሆኖልኝ አረፈው። ለልጆቹ የሚጠቅመው ነገር ለእኔ መጋረጃ ቢሆን ምን ክፋት አለው? ማንንም አልጎዳ።

አንዷን ጎድቻለሁ እንጂ።

ልተው? ልናገር? ብናገር ከሥራ የሚያስወጡኝ ይመስለኛል። ባልናገር ደግሞ... ባለቤቴን ብጠይቀው «ሰባ ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ» አለኝ። የሰፊ ምክር። ለክቼ ለክቼ ደከመኝ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ሦስት እንግዶች መጡ። ከኋላ፣ ያቺ ልጅ በተወችው ቦታ ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሯ በር ላይ፣ ሽቦ ቁምሳጥኑ አጠገብ። እጄ ላይ ያዘጋጀሁት ወረቀት ነበር፤ አላነበብኩትም። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«ልጆች፣ ትምህርት ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጆሮዬ ታሟል። ብዙ ጊዜ የምትሉትን አልሰማም። ባለፈው ወር ልጅቷ ልክ ነበረች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ስሟንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ በዚያ ስም የሚጠራት እንዳይኖር። ዛሬ ስትጽፉልኝ አነባለሁ፤ ስትናገሩም ስክሪኑ ሲጽፈው አያለሁ። ስክሪኑም ከተሳሳተ ጎመን በሉና አርሙኝ።»

አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ። ከዚያ ክፍሉ ፀጥ አለ፤ ፊታቸውን አይቼ ነው ያወቅሁት። ጀርባዬን ሰጥቼ ጎነ ሦስቱን መሳል ጀመርኩ። ዞር ስል ልጆቹ ሁሉ ስክሪኑን ያያሉ። እኔም አየሁ። እንዲህ ይላል፦

«ካልሰማች ታዲያ ለምን ጡረታ አትወጣም»

እንግዶቹ አጠገብ ያለው፣ የሰማውን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ታብሌት ክፍት ነበር። መሃል የተቀመጠው፣ መነፅር ያደረገው ሰውዬ በሹክሹክታ ያወራው ነው። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ሽቦ ሊያጠፋው ተንደረደረ፤ ተወው አልኩት በእጄ።

ምን እንደሚሻል አላውቅም ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ እንደማንኛውም የተማሪ ጥያቄ። ከዚያ «እወጣለሁ፣ ጋሼ። እስከዚያ ግን ገና ሃያ አምስት ደቂቃ አለኝ» አልኩ።

ሃያ አምስቱንም አስተማርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አስተምሬ አላውቅም ብዬ ብጽፍ ጉራ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ስሌት ተሳስቻለሁ። ግን ሰላሳ ዘጠኙም ልጆች መለሱ። የተሳሳቱትን ስማቸውን ሳልጠራ መልሳቸውን አንድ በአንድ አየን። ፊት ወንበር ያለው ልጅ፣ ያኔ ዝም ያሰኘሁት፣ ለመናገር ሲፈልግ ወደ ግራዬ መጥቶ ቆመ። ማንም አላዘዘውም።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ርዕሰ መምህሯ ቢሮዋ ጠራችኝ። በሩን ዘጋች፣ ወንበሯን አስጠግታ በግራዬ ተቀመጠች። ሁሉም ሰው የቱ ጆሮዬ እንደሚሰማ ያውቅ ኖሯል ማለት ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«አንቺስ?»

ሳቀች፤ ሳቋ ቶሎ ጠፋ። መነፅራሙ ሰውዬ በዘገባው ምን እንደጻፈ አታውቅም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቀጥይ፣ ከዚያ በኮሚቴ ይታያል አለች። ይታያል ማለት እቆያለሁ ይሁን እወጣለሁ ይሁን ከፊቷ ላነብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። መጠየቅም ፈራሁ።

ሽቦ ግን ደስ ብሎታል። ሁሉም መምህር እንዲጠቀምበት ተወሰነ እያለ ይሮጣል። የሚጠቅምበትን እሱ ይናገር፤ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ዕቃው አንዲት ልጅ ልክ እንደነበረች ጽፎ አስቀምጦ፣ እኔ እስካነበው ሦስት ሳምንት ጠበቀ። ሽቦ አንብቦ ዝም አለ፤ ልጆቹም ሰምተው ዝም አሉ። ለዚያ የሚሆን መሣሪያ ገና አልመጣም።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

ስምንት ቀን ሙሉ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። ደብዳቤ ልጻፍላት ብዬ ሁለቴ ጀምሬ ቀደድኩት፤ መጻፍ ማምለጥ መሰለኝ። ዛሬ በዕረፍት ሰዓት «ለ» ክፍል በር ላይ ጠበቅኋት። ስታየኝ ቆመች፣ ቦርሳዋን አቀፈች። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና አጠገቤ አስቀመጥኋት።

«ልክ ነበርሽ» አልኳት። «ሦስቱንም ጊዜ። ምላስሽ ምንም የለበትም። ጆሮዬ ነው። ሰው ሁሉ ፊት አቁሜ አዋርጄሻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጥፍሯን ታያለች።

«ከፈለግሽ ወደ ክፍልሽ መመለስ ትችያለሽ። እናትሽንም ርዕሰ መምህሯንም እኔ አነጋግራለሁ። ቦታሽ መስኮቱ ጋ ባዶ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከተቀመጠችበት ተነሥታ እፊቴ ቆመች፤ ከንፈሯን እንዳየው መሰለኝ። አፏን ከፍታ፣ ቃል በቃል ለያይታ፣ ትልቅ ሰው ለሕፃን እንደሚናገረው ተናገረች፦

«ቲቸር፣ አልተቀየምኩዎትም። ግን እዚህ ብቆይ ይሻለኛል።»

አንዲት ፊደል አላመለጠችኝም። እንዲያም ሆኖ «ምን አልሽ?» ብዬ ልጠይቃት በጣም አማረኝ።